አክሲዮኑ በማን ስም ይሁን

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ለመኩራራት አይደለም፤ አመሌ ነው። ሱቅ መልስ ሲሰጡኝ እዚያው ቆሜ እቆጥራለሁ። ባቡር ጣቢያ ሰሌዳው ላይ መድረኩ ተጽፎ እያየሁ እንኳ አንድ ሰው ሳልጠይቅ አልሳፈርም። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም ሳልመነጠር ሆላንድ ደርሻለሁና ምክሯን የምተውበት ምክንያት አልታየኝም። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሮተርዳም፣ ሆግቭሊት ነበር የምኖረው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ነፋሱ ከፔርኒስ በኩል ሲነሳ የዘይት ማጣሪያው ሽታ እስከ መኝታ ቤት ስለሚገባ በዚያ ቀን ልብስ ውጪ አላሰጣም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ነን። ሆላንዶቹ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ በኪራይ እንገባለን። ከአምስተርዳምም፣ ከዘ ሄግም የሚመጡ አሉ፤ ሁላችንም ተሰብስበን አርባ ብንሞላ ነው።

ከአምልኮው በኋላ የአሥራ ሁለታችን እቁብ ነበረች። ሰብሳቢዋ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። አምስተርዳም ኦስዶርፕ፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከዚያ ድረስ በየሳምንቱ በባቡር ይመጣሉ፤ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ስድስት ዓመት እቁባችንን ሲሰበስቡ አንዲት ሳንቲም ጎድላ አታውቅም። በጡረታ ነው የምኖረው ይሉናል፤ እኛም ከዚያ በላይ አንጠይቅም። በሕይወቴ የማልጠረጥረው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

አንድ ዙር እንዳለቀ አንድ ወጣት ተነስቶ ሐሳብ አለኝ አለ። ልጁ ዘ ሄግ ውስጥ ለዶክትሬት ኢኮኖሚክስ የሚማር ነው፤ ወደ እቁባችን ከገባ ዓመት አልሞላውም። ያለው እንዲህ ነው፦ ዕጣ በወጣልን ቁጥር ቴሌቪዥን ከምንቀይር ለምን አንድ ዓመት አዋጥተን አክሲዮን አንገዛም፤ ገዝተንም አሥር ዓመት አንነካም። ባንኩ ለእያንዳንዱ ግዢ ኮሚሽን ስለሚወስድ ለየብቻ በትንሽ ገንዘብ ከመግዛት አንድ ላይ መግዛት ይሻላል።

እኔ መጀመሪያ የጠየቅኩት አንተ ምን ትጠቀማለህ ብዬ ነው። እንደ እናንተው ያዋጣሁትን ያህል ብቻ አለኝ። ለምክሩስ? ምንም አለ። ተጠቃሚ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ ምንም አልፈልግም የሚል ሰው ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁን ዓይኔ ውስጥ አስገባሁት።

አክሲዮን መምረጡን ግን ወደድኩት፤ አልዋሽም። የምትገዙት ድርጅት ምን ሠርቶ እንደሚያተርፍ ካልገባችሁ አትግዙ አለን። በክፉ ዓመትም ማትረፉን እዩ፤ ዕዳው ከአቅሙ በላይ አለመሆኑን እዩ፤ አንድ ቦታ ብቻ አትከምሩ፤ ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ዋጋውን አትዩ። የመጨረሻውን ትቼ ሌላው ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። ድርጅት መጠርጠር ምን ያቅተኛል! የምግብ መደብር ከመምረጣችን በፊት አንድ ቅዳሜ ሙሉ በር ላይ ቆሜ ስንቱ ሰው ባዶ እጁን እንደሚወጣ አየሁ። ወደብ ላይ የሚሠሩትን ወንድሞች የየትኛው ድርጅት ክሬን ሥራ ፈቶ እንደሚውል ጠየቅኩ። ለአረጋውያን የሚሆን ዳይፐር የሚያመርተውን ድርጅት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መጦሪያችን ውስጥ ካርቶኑን በየሳምንቱ የማራግፈው እኔ ስለሆንኩ ሥራው እንደማይቀዘቅዝ አውቃለሁ። እዚህ አገር ሕፃን ቢቀንስም ሽማግሌ አይቀንስም አልኳቸው፤ ሳቁ፤ ተገዛም።

ያን ጊዜ ሁሉም የሚያወራለት አንድ የኮምፒውተር ድርጅት ነበር። ምንድን ነው የሚሠራው ብዬ ልጁን ጠየቅኩት። ጀመረ፣ አቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ በመጨረሻ እኔም አልገባኝም ብሎ ሳቀና ከዝርዝሩ ሰረዘው። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ከእኔ ትሻያለሽ» አለኝ። ሰው ሲያሞግሰኝ ኪሴን ነው የምዳብሰው።

ከዚያ የግብሩ ነገር መጣ። ልጁ እንዳስረዳን፣ በዚያን ጊዜ ሕግ ተራ ሰው አክሲዮኑን ሸጦ ቢያተርፍ በትርፉ ላይ ግብር አይከፍልም። ግብር ያለው ድርጅቱ በየዓመቱ በሚያከፋፍለው የትርፍ ድርሻ ላይ ነው፤ ከዚያ ላይ ገና ሳይደርሰን ይቆረጣል፣ በዓመቱ መጨረሻም ይታወጃል። ሀብቱ ከተወሰነ መጠን ያለፈ ሰው ደግሞ በሀብቱ ላይ ትንሽ ይከፍላል፤ እኛ ግን ከዚያ አጠገብም አንደርስም። በኋላ ሕጉ ተለውጧል፤ ያኔ ግን እንዲህ ነበር።

እኔ ይህን እንዴት ልመን? ውሻ ያሳደገ ሰው በውሻው ግብር የሚከፍልበት አገር ነው። ለውሻ የሚያስከፍል መንግሥት የእኔን ትርፍ ዝም ብሎ ያሳልፋል? አንድ የተደበቀ ነገር አለ አልኩ። መጦሪያችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግብር ቢሮ ሠርተው የወጡ ሆላንዳዊ። ሁልጊዜ ጠዋት ካልሲ የማጠልቅላቸው እኔ ነኝ። ካልሲውን እያጠለቅኩ ነገሩን አነሳሁባቸው። ልጁ ያለውን ቃል በቃል ደገሙልኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ፤ ልጁን ውሸት ላይ ልይዘው ጓጉቼ ነበር።

ገንዘቡ ሲሞላ ልጁ የተጻፈ ውል ይዞ መጣ። የአሥራ ሁለታችንም ስም አለበት፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እንደሆነ አለበት፤ ከታች መፈረሚያ አለው። እዚህ አገር ጎረቤታሞች አንድ ላይ አክሲዮን ሲገዙ ክበብ አቋቁመው እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ ባንኩም በክበቡ ስም ሒሳብ ይከፍታል አለን። ይኼኔ ነው የነቃሁት። ወረቀቱን የጻፈው እሱ፤ የሚገባው እሱ፤ የመኖሪያ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ እሱ። እኛ ፈርመን ፈርመን አንድ ቀን ልጁ የለም ቢባልስ?

ተነሳሁ። እቁብ ውል ኖሮት አያውቅም፤ የእኛ ውል ጋሼ ናቸው አልኩ። ስንት ዓመት ይዘውልን ምን ጎደለ? ወረቀት አትፈርሙ፤ አክሲዮኑም፣ የባንክ ሒሳቡም በጋሼ ስም ይሁን። ከወዲያም ከወዲህም አሜን አሜን ተባለ። እቁብ ውስጥ የሌለው ሰው ሳይቀር አሜን አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ሲጠርጉ ቆዩ።

ልጁ ወደ እሳቸው ዞሮ «ጋሼ፣ ለእርስዎ ይመችዎታል?» አለ።

«ለምን አይመቻቸውም?» አልኩ እኔ፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ።

ጋሼ መነጽራቸውን መለሱና «እናንተ ካላችሁ» አሉ። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። በዚያ ሳምንት ጋሼና እሱ ባንክ ሄደው በጋሼ ስም ተገዛ። እኔ የሕዝቡን ገንዘብ አዳንኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መጦሪያ ውስጥ ያሉት የቀድሞው የግብር ሠራተኛ እንዴት ሆነ፣ ገዛችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «በማን ስም ነው?» አሉኝ። የጠየቁበት አነጋገር ደስ አላለኝም። ምን አገባዎት አልኩ በልቤ፤ የግብር ሰው ጡረታ ቢወጣም ከሥራው አይወጣም፤ ሊጠቁምብን ይሆናል። በየስማችን ነው አልኳቸው። «እንግዲያስ ጥሩ» ብለው እግራቸውን ለካልሲው ዘረጉ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ሁለት ዓመት ያህል አክሲዮኑ ወጣ እንጂ አልወረደም። በየቀኑ አትዩ መባሉን ከምን ቆጥሬው፤ ከሥራ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ የአክሲዮን ዋጋ የሚወጣበትን የጽሑፍ ገጽ አያለሁ። ከአክሲዮኑ ይበልጥ ግን ልጁን እከታተል ነበር። ጫማ ቀየረ ወይ፣ ሰዓት ገዛ ወይ። አንድ ጊዜ እንጀራ ይዤልህ መጣሁ ብዬ ዘ ሄግ ያለውን ክፍሉን ሄጄ አየሁት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተከመረ መጽሐፍ፣ ሲለብስ የማየው ያው ጃኬት። ምንም አላገኘሁበትም። አለመገኘቱ ራሱ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ከዚያ ጋሼ ሁለት እሑድ ተከታትለው ቀሩ። ስልክ ስንደውል ጉንፋን ነው ይላሉ። እኔ ጉንፋንንም አላምንም፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኦስዶርፕ ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ ጢማቸው አልተላጨም፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ማሞቂያው ጠፍቷል። ጠረጴዛው ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣ ደብዳቤ ነበር። ሆላንድኛቸው ብዙም ስላልሆነ አንብቢልኝ አሉኝ።

አነበብኩት። ሳላስፈቅድ ተቀመጥኩ። ጋሼ ጡረታ የላቸውም፤ ሶሻል ላይ ነበሩ። ሶሻል የምንለው መተዳደሪያ ለሌለው ሰው ማዘጋጃ ቤት የሚቆርጥለት የወር ድጎማ ነው፤ ይህን ያህል ሀብት በስሙ ያለው ሰው ደግሞ አያገኝም። ደብዳቤው በስምዎ አክሲዮን መኖሩ ተደርሶበታል ይላል። ድጎማው ቆሟል። አክሲዮኑ ከተገዛ ጀምሮ የወሰዱትንም ይመልሱ ይላል፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍሉት ከዚያው ድጎማ ነበር። አታላይ የሚል ቃል ደብዳቤው ውስጥ የለም፤ ሁሉ ነገሩ ግን ያንኑ ይላል። ዕድሜ ልካቸውን የሰው አደራ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው!

አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን የሆነው ይህ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ልጁ ጠቆመባቸው የሚል ነበር። እዚያው በጋሼ ስልክ ደወልኩለትና አንተ ነህ አይደል አልኩት። ጋሼ ደህና ናቸው ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀና በሚቀጥለው ባቡር መጣ።

ደብዳቤውን አንብቦ የነገረን አጭር ነው። የጠቆመ ሰው የለም። ባንኩ በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ለማን እንደከፈለ ለግብር ቢሮ ያሳውቃል፤ ግብር ቢሮውም ለማዘጋጃ ቤቱ ያስተላልፋል፤ የተጻፈው ደግሞ የእሳቸው ስም ነው። ገንዘቡ የእሳቸው እንዳልሆነ የምናስረዳበት አንድ መንገድ አለ፤ አሥራ አንዳችንም የየድርሻችንን ጽፈን፣ ፈርመን፣ ገንዘቡን ከየሒሳባችን ያወጣንበትን የባንክ ወረቀት አያይዘን ማቅረብ። ልጁ አንድም ጊዜ «ብያችሁ ነበር» አላለም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀላል መስሎኝ ነበር። እሑድ ተነስቼ ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ሁሉ ጠቆረ። የኪራይ ድጎማ ያለው አለ፤ ስሜን ቢያዩ ይቆረጥብኛል ብሎ የሚፈራ አለ። አንዷ እህት «ወረቀት አትፈርሙ ያልሽን አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ። ዓይናቸውን አየሁት፤ እኔ ሰው የማይበት ዓይን ነው።

አንድ ወር ሙሉ በትራምና በሜትሮ ቤት ለቤት ዞርኩ። የራሴን ፈርሜ ይዤ እገባለሁ፤ እዩት እላለሁ። ያለቀስኩበትም ቤት አለ፤ የተቆጣሁበትም አለ። የሚፈራውን ሰው ልጁ አብሮኝ እየመጣ ድርሻው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነና ከተፈቀደው እንደማያልፍ ቁጭ ብሎ ያሰላለት ነበር። የመጨረሻዋ ሴት የፈረመችው በር ላይ ቆማ ነው፤ ግቢም አላለችኝ። አሥራ አንድ ሞላ።

የቀጠሮው ቀን አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት የሄድነው ጋሼና እኔ ነን፤ እኔ በአስተርጓሚነት። ሸሚዛቸውን ተኩሰዋል። ያነጋገረችን ሴት ክፉ አይደለችም፤ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ቁጥሩን ደመረች፤ ልክ ነው አለች። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም አለች። ድጎማ እየወሰዱ ይህን ያህል ሀብት በስምዎ ማድረግ እንደማይቻል አያውቁም ነበር?

ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ጠረጴዛውን እያዩ «አውቅ ነበር» አሉ።

አላውቅም ቢሉ ያልቅ ነበር። ግን የተባልኩትን መናገር ነው ሥራዬና ተናገርኩ። ሴትየዋ ታዲያ ለምን እሺ አሉ አለች።

«ማኅበሩ ጠየቀኝ» አሉ ጋሼ። «ሶሻል ላይ ነኝ ብዬ በሰው ፊት መናገር አፈርኩ።»

ወደ ሴትየዋ ዞርኩ። የተናገሩት ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፤ እኔ ግን በሆላንድኛ ብዙ ተናገርኩ። ማኅበሩ አይደለም፣ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ አልኩ። በአርባ ሰው ፊት ነው የጠየቅኳቸው። በእኛ ባህል አንድ ትልቅ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አደራ ሲባል እምቢ ለማለት ምክንያቱን ማውጣት አለበት፤ ምክንያታቸው ደግሞ ይህ ነው። ይመችዎታል ወይ ብሎ የጠየቃቸው አንድ ሰው ነበር፤ ሳይመልሱለት ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ሴትየዋ ጋሼን አየች፣ እኔን አየች፤ ይህን ሁሉ እሳቸው ናቸው ያሉት አለችኝ። አይደለም፣ የኋላው የእኔ ነው አልኳት። ጻፈችው።

ውጤቱ የመጣው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ድጎማቸው ተመለሰላቸው፤ ይመልሱ ከተባሉትም አብዛኛው ተሠርዞ ትንሽ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱን እኔ ከፈልኩ። አክሲዮኑን ያኔ ሸጥነው። ልጁ እንዳለው በትርፉ ላይ አንድም ሳንቲም ግብር አልተጠየቅንም፤ የዳይፐሩ ድርጅት ከሁሉ ይበልጥ አትርፎ ነበር። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ምንም አይደለም አለኝ፤ ይህን እንኳ ማመን ቸግሮኝ ነበር።

ያን ቀን ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ወጥተን ትራም መጠበቂያው ጋ ቆመናል። ያካፋል። ጋሼ ሆላንድኛቸው ብዙም አይደለም እንጂ «እኔ» የሚለውን ቃል ለይተው ሰምተዋል፤ ስንት ጊዜ እንዳልኩትም ሰምተዋል። ጥላዬን ከእሳቸው በላይ ያዝኩና ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ሁሉን ሰው ስጠረጥር ኖሬ፣ እርስዎን ስላመንኩ ነው ያጠፋሁዎት አልኩ።

የትራሙን ሐዲድ እያዩ «ልጄ፣ ማመንስ አምነሽኛል» አሉኝ። «ለብቻዬ ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።»

በዚያ ሁሉ ዓመት በየእሑዱ እጃቸው ላይ ገንዘብ አኑሬ እሄዳለሁ። እንዴት ነው የሚኖሩት ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።